«ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ አባካኝ አለችኝ»

ደብዳቤው፦

«ሰላም እህቴ። 27 ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 14,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ኪራይ ከጓደኛዬ ጋር ተካፍለን 2,500፣ ምግብ 3,600፣ እቁብ 2,000፣ አጋሮ ላለችው እናቴ 1,000፣ ባጃጅ 600፣ የስልክ ፓኬጅ 500፣ እድርና መዋጮ 300 አወጣለሁ። የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት አካባቢ ነው የምትኖረው። 26 ዓመቷ ነው፣ አረጋውያን ቤት ነርስ ናት፣ እጇ ላይ 2,100 ዩሮ ይደርሳታል። ከስድስት ዓመት በኋላ መጥታ ሦስት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። አንድ ቀን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካፌ ወሰድኳት፣ አራት ጓደኞቼም መጡ። በወር አንዴ ደሞዝ ሲወጣ እንዲህ ፈታ እንላለን። ሒሳቡ 1,150 ብር መጣና ከፈልኩ። ስንወጣ ‹እኔ ለስድስት ሰው ከፍዬ አላውቅም፣ አንተ ከእኔ ትበልጣለህ› አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ማታ ግን ወጪዬን አስቆጠረችኝ። እቁቡን ‹ወለድ የሌለው ነገር›፣ ለእናቴ የምሰጠውን ‹አቅምህ ሳይፈቅድ›፣ እድሩን ‹በዚህ ዕድሜህ› እያለች አንድ በአንድ ሰረዘችው። እሷ በወር 300 ዩሮ እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ። ስልክ እንድትልክልኝ ብጠይቃት የራሷን አውጥታ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀውን አሳየችኝ፣ አራት ዓመቱ ነው አለች። በጣም አፈርኩ፣ ተናደድኩም። እውነት የእኛ አገር ወጣት አባካኝ ነው? እቁቡን ትቼ ባንክ ላስቀምጥ? ባለፈው ዙር 40,000 ደርሶኝ ቴሌቪዥንና ልብስ ገዝቼበታለሁ። አልፎ አልፎ ቤቲንግ ከመቁረጥ በቀር ሱስ የለብኝም፣ ጫትም አልቅምም። ምን ትመክሪኛለሽ? ኪሱ የማይሞላው፣ ከጅማ።»

ኪሱ የማይሞላው ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ካልኩሌተር ይዤ ነው። ያገኘሁትን ቆይቼ እነግርሃለሁ፣ አሁን ከነገርኩህ ትናደድና የቀረውን አታነበውም።

መጀመሪያ ስለ ካፌው። እኔም ላይ ደርሷል። እህቴ ጀርመን ነው የምትኖረው፣ አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ሦስት ወር ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እራት ወጣን። ሰባት ነበርን። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ባዶ እጄን አልወጣም ብዬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ከፍቼ ተዘጋጅቻለሁ። አስተናጋጇ መጣችና «ጹዛመን ኦደር ጌትረንት?» አለች። አብሮ ነው ለየብቻ ማለቷ ነው። ስድስቱም በአንድ አፍ «ጌትረንት!» ከዚያ ከጠረጴዛው ጫፍ ጀምራ አንቺ ሾርባና ቢራ፣ አንተ ሰላጣና ውሃ እያለች ከእያንዳንዱ ትሰበስብ ጀመር። አዎ፣ ውሃም ይከፈልበታል። ማንም ቅር አላለውም፣ እየሳቁ ነው ሳንቲም የሚቆጥሩት። ፊቴን የት ላድርገው ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እህቴ በጉልበቷ ነካ አድርጋኝ «ዝም በይ፣ ከከፈልሽላቸው ነው የሚጨነቁት» አለችኝ። ለካ እዚያ ሳትናገር ለሰው መክፈል ሰውየውን ባለዕዳ ማድረግ ነው። ቋንቋቸውም ይመሰክራል። «ሹልድ» የሚለው ቃል ዕዳም ነው፣ በደልም ነው።

እኛ ጋ ሒሳብ ሲመጣ እኔ ልክፈል እያሉ እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። «በሞቴ የዛሬው የእኔ ነው»፣ «ኧረ ባለፈውም አንተ ነህ»፣ አስተናጋጁ ብሩን ከማን እንደሚቀበል ግራ ገብቶት ይቆማል። ይሄ ብክነት ነው? እኔ አይመስለኝም። ወሩ በገባ በ25 ኪስህ ሲደርቅ ምሳ የሚያበላህ ማነው? ዛሬ የጋበዝከው ነው። ይሄም ዕዳ ነው፣ ደብተር ላይ አልተጻፈም እንጂ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለራስህ መልስ። ከእነዚያ አራት ጓደኞችህ ባለፈው ስድስት ወር ውስጥ ተነስቶ ሒሳብ የከፈለ ስንቱ ነው? ሦስቱ ከሆኑ ግብዣህን ቀጥል። አንዱም ካልሆነ ጓደኛ ሳይሆን ተመልካች ነው የምትጋብዘው። ያቺ ምሽት ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ የላቦራቶሪ ሥራ ናት፣ 14,000ን ለ26 የሥራ ቀን አካፍለህ እየው።

አሁን ወደ አክስትህ ልጅ ልምጣ። ያስቆጠረችህ ልክ ነበር፣ ግን የራሷን ሳትቆጥር ነው ያንተን የቆጠረችው።

እስቲ የደሞዟን ወረቀት እናንብበው። ጀርመን ውስጥ ተቀጣሪ ሰው ገና ደሞዙ እጁ ሳይገባ ለጡረታ 9.3 በመቶ ይቆረጥበታል። ለጤና መድን 14.6 በመቶውን ከአሠሪው ጋር እኩል ይካፈላል፣ የመድን ድርጅቱ የሚጨምረው ተጨማሪ አለ። ለሥራ አጥነት መድን 1.3 በመቶ። ሲያረጅ ለሚጦረው የእንክብካቤ መድን ደግሞ ሌላ። በዚህ በመጨረሻው ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ፣ ከ23 ዓመት በላይ ሆኖ ልጅ ያልወለደ ሰው 0.6 በመቶ ይጨመርበታል። አልወለድሽም ብለው! ቡና ላይ አክስቶች ከሚጠይቁህ ጥያቄ ይሄ ይብሳል። ከዚያ በኋላ የገቢ ግብር ይመጣል። ለብቻዋ የምትኖር ነርስ ሲሶ ገደማ ደሞዟን ሳታየው ትሰናበተዋለች።

ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? እድር ነው። ብትታመም፣ ከሥራ ብትባረር፣ ብታረጅ የሚደርስላት ነገር ነው። ልዩነቱ የእሷ እድር ከፔይሮል ላይ ስለሚወሰድ «ወጪ» ብላ አትጠራውም፣ ያንተ ደግሞ ከኪስህ ስለሚወጣ ወጪ ይመስላል። 300 ብር እድርህን ስትሰርዝብህ የራሷን ሲሶ አልሰረዘችም። ባይሆን አንተም አንድ ነገር አጣራ። ከደሞዝህ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪህ 11 በመቶ መጨመር አለበት። የግል ሠራተኛ ወደዚህ የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። ቆርጦ የማያስገባ አሠሪ ስላለ ክሊኒኩ በስምህ እያስገባ መሆኑን በጨዋ ደንብ ጠይቅ። ይሄም ገንዘብህ ነው።

ስለ እናትህ ያለችህ ነገር ግን አስከፍቶኛል። «አቅምህ ሳይፈቅድ» ማለት ለእሷ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም የምትኖርበት አገር ሒሳቡ በተቃራኒ ነው የሚሄደው። እዚያ ለልጅ ብለው መንግሥት ለወላጅ ይከፍላል፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ልጅ በወር 255 ዩሮ ነበር፣ ልጁ ተማሪ ከሆነ እስከ 25 ዓመቱ ይቀጥላል። ወላጅ አርጅቶ እንክብካቤ ቤት ገብቶ መክፈል ቢያቅተው መንግሥት ወደ ልጁ ዞር የሚለው የልጁ የዓመት ገቢ ከ100,000 ዩሮ ሲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው። አንተን አጋሮ ያለችው እናትህ የምትጠብቅህ ገቢህ ስንት እንደሆነ ሳትጠይቅ ነው። ደግሞም እኛ አገር ግማሹ ሕዝብ ከ20 ዓመት በታች ነው፣ እዚያ ግማሹ ከ45 በላይ ነው። አንድ ደሞዝተኛ እዚህ ስንቱን እንደሚያይ አንተው ታውቀዋለህ። ሺህ ብሯን አትንካ። እኔ ብሆን እንደውም የአክስትህን ልጅ «ለእናትሽ ስንት ነው የምትልኪው?» ብዬ እጠይቃት ነበር። ትልካለች፣ አትጠራጠር። ከሒሳቡ ውስጥ ሳታስገባው ቀርታ ነው።

እሷን ደግሞ ስስታም ብለህ እንዳትደመድም። የእሷ ኑሮ የሚያስከፍለውን አንተ አታየውም። ጀርመን ቤት ስትከራይ «ቀዝቃዛ ኪራይ» እና «ሙቅ ኪራይ» የሚባል አለ። ቀዝቃዛው ግድግዳው ነው፣ ሙቁ ማሞቂያና ሌላ ሌላው ሲጨመር ነው። መያዣ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ይጠይቁሃል። ብዙው ቤት ደግሞ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው፣ ምድጃም የዕቃ ማጠቢያም የለው፣ ተከራይ ይዞ ይመጣል፣ ሲለቅ ነቅሎ ይሄዳል! ቴሌቪዥን ኖረህም አልኖረህም አንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ይከፍላል። አገር አቀፉ የአውቶቡስና የባቡር የወር ትኬት እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ በ2026 መግቢያ 63 ገባ። ወጣቱ የዶነር፣ በዳቦ የሚበላው ሥጋ፣ ዋጋ ጨመረ ብሎ ከመጮሁ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2024 የግራው ፓርቲ ጣሪያ ይቀመጥለት፣ ለወጣት 2.50 ዩሮ ይሁን እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እኛ በበያይነቱ ዋጋ እንደምናማርረው ማለት ነው።

እህቴ ቤት በር ሥር አንድ ትልቅ ከረጢት ነበር፣ ባዶ የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ የሞላበት። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ልጥለው አነሳሁት። ጮኸችብኝ። ተያይዘን ሱፐርማርኬት ሄድን። ግድግዳው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ማሽን አለ፣ አንድ በአንድ ትጨምርለታለህ፣ እያሽከረከረ ያነበውና ጠጥ ያደርገዋል። አሥራ አምስት ፕላስቲክ፣ እያንዳንዱ 25 ሳንቲም፣ 3.75 ዩሮ የሚል ወረቀት ተፋ። ከኋላችን የተሰለፈው ልጅ ጥሩ ጫማ ያደረገ፣ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ የደፋ፣ ሁለት ከረጢት ይዟል። አላፈረም። እኔ ልጅ ሆኜ ለስላሳ እንድገዛ ስላክ ባዶ ጠርሙስ ይዤ መሄድ እጠላ ነበር፣ ጓደኛ እንዳያየኝ ከቀሚሴ ሥር እደብቀው ነበር። ያቺን ወረቀት ይዤ ስቆም ያ ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

የቁጠባውን ነገር እንየው። እነሱ ቁጠባ ከሕፃንነት ነው፣ በኦክቶበር መጨረሻ የቁጠባ ቀን አላቸው፣ ልጆች የሳንቲም ሳጥናቸውን ይዘው ባንክ የሚሄዱበት። ግን ባንክ የሚያስቀምጡበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረታቸው 6.9 በመቶ ደርሶ አገሩ በወሬው ተጥለቅልቆ ነበር። በዚያው ዓመት የእኛው ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ደግሞ 7 በመቶ። ያኔ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ስኳር ውሃ ውስጥ ያስቀመጠ ያህል ነው። ከዚያም ሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አሁን ንረቱ ረገብ ብሏል። ያንን ያየ ወጣት ግን ብር ሲይዝ እጁን ቢበላው፣ ሳይጨምር ልግዛው ብሎ ቢሮጥ አልፈርድበትም። አባካኝ ስለሆነ አይደለም፣ ተነክሶ ስለሚያውቅ ነው።

እኛ የጅማ ልጆች ደግሞ የራሳችን አመል አለን። እኔ ያደግኩት ጎማ ወረዳ ነው፣ ቡና ያለው ቤት። ጥቅምት ላይ ቀዩ መለቀም ይጀምራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ብር ቤት ይገባል። ያኔ ጫማ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይለወጣል፣ ጥር ላይ ሠርግ ይደገሳል፣ አባቴ ከገበያ ሲመለስ የሚሸከምለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ክረምት ሲገባ እዚያው ቤት ውስጥ ስኳር በዱቤ ነው። ነሐሴ ላይ የጨነቀው ሰው ገና ያልቀላ ቡናውን ነጋዴው በተመነለት ዋጋ ይሸጣል። ይሄ የዓመት አመል ነው፣ ብር በዓመት አንዴ ሲገባ ሌላ ምርጫ የለህም። ችግሩ ልጁ ተምሮ ደሞዝተኛ ሲሆን አመሉን ይዞት ይመጣል፣ ወሩን እንደ ዓመት ይኖረዋል። ከወሩ 1 እስከ 7 ያለው ለአንተ ታኅሣሥ ነው፣ ንጉሥ ነህ፣ ፈረንጅ አራዳ ለስድስት ሰው ትከፍላለህ። ከ20 በኋላ ነሐሴ ይሆናል፣ ሱቁ ደብተር ላይ ስምህ ይጻፋል። የአክስትህ ልጅ ከተለወጠች በዚህ ነው የተለወጠችው። ወሩ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበት አገር ገብታ ነው።

እሺ፣ አሁን ካልኩሌተሩ። ቁጭ በል።

የዘረዘርክልኝን ደመርኩት፣ 10,500 ብር መጣ። ደሞዝህ 14,000 ነው። 3,500 ብር የለም። የደሞዝህ ሩብ ማለት ነው፣ በደብዳቤህ ውስጥ አልተጻፈም። «ካፌው ነው» ትለኛለህ፣ እሺ በወር አንዴ ካልክ 1,150 ልቀንስልህ። 2,350 ይቀራል። ፀጉርም ሳሙናም እንበል። ከዚያስ? ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ሹልክ ብላ የገባች ዓረፍተ ነገር አለች፣ «አልፎ አልፎ ቤቲንግ» የምትለው። ወንድሜ፣ አልፎ አልፎ የሚባል ቤቲንግ እኔ አላየሁም፣ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነው ያየሁት። ጫት አልቅምም ብለህ ኩራት ስታሰማ ራሱ ገባኝ፣ ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሲያሳይህ ሌላው ክፍት መሆኑን ነው የሚነግርህ።

አልሰብክህም። አንድ ስሌት ብቻ ላሳይህ፣ የላቦራቶሪ ሰው ስለሆንክ ቁጥር አይከብድህም። አሥር ጨዋታ ያላት ትኬት ቆረጥክ እንበል። እያንዳንዷን ጨዋታ በደንብ አውቀህ፣ ከመቶ ስልሳ የመሆን ዕድል ያላትን መርጠህ። ለማሸነፍ አሥሩም መያዝ ስላለባቸው 0.6ን በራሱ አሥር ጊዜ አባዛው። ከሺህ ትኬት ስድስቷ ናት የምታሸንፈው። «አንዷ ጨዋታ ናት ያበላሸችብኝ» የምትሉት ለዚህ ነው፣ ሁልጊዜ አንዷ ታበላሻለች፣ ትኬቷ የተሠራችው እንድታበላሽ ነው። ጀርመኖቹም ከዚህ አልጸዱም፣ ወጣታቸው እንደሚሟጠጥ ስላወቁ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ደንብ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ለቁማር የሚያስገባው በሁሉም ድርጅት ተደምሮ በመደበኛነት በወር ከ1,000 ዩሮ እንዳያልፍ ገደቡ። አንተን የሚገድብህ ሒሳብህ ባዶ መሆኑ ብቻ ነው።

3,500ን በ12 አባዛው። 42,000 ብር ነው። የእቁብ እጣህ 40,000 ነበር አይደል? በየዓመቱ ከአንድ እጣ የሚበልጥ ብር የት እንደገባ ሳታውቅ ያልፋል።

ይሄንን ስሠራ ሌላም ነገር አገኘሁ፣ ይሄኛው ደስ ይልሃል። የአክስትህ ልጅ ከ2,100 ዩሮ 300 ታስቀምጣለች። ሰባተኛው እጅ ነው። አንተ ከ14,000 ብር 2,000 እቁብ ትጥላለህ። ቁጭ ብለህ አካፍለው፣ እሱም ሰባተኛው እጅ ነው! አንዲት ሳንቲም አትበልጥህም። አባካኝ ላለችህ መልሱ ይሄ ነው፣ ያፈርከው በከንቱ ነው። ግን ደግሞ የጠፋችው ሩብ ደሞዝህ እሷ ከምታስቀምጠው ድርሻ መብለጧን አትርሳ።

ስለዚህ እቁቡን አትተው። «ወለድ የሌለው» ያለችህ ግማሹ እውነት ነው። እጣው መጀመሪያ ላይ ከወጣልህ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ ማን ያበድርሃል እንዲህ አድርጎ? መጨረሻ ላይ ከወጣልህ ግን ብርህን ንረት እየበላው ሃያ ወር ጠብቀሃል። ስለዚህ ዳኛውን አናግር፣ እጣው ቀድሞ ከወጣለትና ካልቸኮለ ሰው ጋር መለዋወጥ የሚፈቀድ ከሆነ ተለዋወጥ። ከሁሉም በላይ እጣው ሳይወጣ በፊት ምን እንደምትገዛበት ጻፍና ለእናትህ ስጣት። የእኔ እናት እንዲህ ያለ ወረቀት መሶብ ሥር ነበር የምታስቀምጠው፣ ማንም አይደፍረውም። ቴሌቪዥኑ አልፏል፣ ተደሰትበት። የሚቀጥለው 40,000 ግን ግማሹ ነገ ብር የሚያመጣልህ ነገር ላይ ይዋል። ዲፕሎማ ከሆንክ ዲግሪህን ጀምርበት።

የጠፋችውን 3,500 እንዲህ አድርጋት። መጀመሪያ ለአንድ ወር ብቻ ያወጣሃትን ሁሉ ማታ ማታ ጻፍ፣ አሥር ብርም ብትሆን። ስልክ ላይ አይደለም፣ በእጅህ፣ ደብተር ላይ። ቤቲንጉንም በስሙ ጻፈው፣ «ልዩ ልዩ» እያልክ አትሸውደኝ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ደሞዝ በገባ ቀን፣ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ 2,000 ብር ወደ ሌላ ባንክ አዙር፣ ስልክህ ላይ መተግበሪያው ወደሌለ ባንክ። ወለድ የማትፈልግ ከሆነ ከወለድ ነፃ ሒሳብ አላቸው። ኪራይና ምግብህ አንድ ላይ 6,100 ነው። በሦስት ወር 6,000 ይሆንልሃል፣ መቶ ብር ይጎድላል፣ እሷን ከባጃጅ አምጣት፣ በእግርህ ሂድ። ያ ብር ለሕመም ወይም ሥራ ለቆመበት ወር እንጂ ለሌላ አይነካም። ጀርመኖቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ሦስት ደሞዝ አስቀምጥ ይላሉ፣ አንተ በአንድ ወር ኪራይና ምግብ ጀምር። የቀረችው 1,500 ያንተ ናት፣ ካፌም ሂድባት፣ አልጠይቅህም።

ጓደኞችህንም አትቁረጣቸው። በዚህ ወር ካፌውን ተውትና ጀበና ቡና ጋ ተቀመጡ፣ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ። ቡናው እዚያ ይሻላል፣ የጅማ ልጅ ማኪያቶ ለመጠጣት ፈረንጅ አራዳ መውጣቱን እኔ እስካሁን አልገባኝም። ከፈለግክ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ «ዛሬ የየራሳችን ነው» በል። አንዴ ብቻ ነው የሚያሳፍረው።

ለአክስትህ ልጅ የድምፅ መልእክት ላክላት። ሁለት ሻንጣ ሞልታ ለዘመድ ሁሉ አምጥታ የለ? ያቺ ሻንጣ ከተሰነጠቀው ስልክ ነው የመጣችው፣ ቲኬቱም ጭምር። ስድስት ዓመት ሳትመጣ ለምን እንደቆየች ጠይቀሃት ታውቃለህ? ጠይቃት። ስታስቆጥርህ መናደድህንም ንገራት፣ ሰባተኛውንም ንገራት፣ ትስቃለች። ስለ ስልክ ግን አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።

ስልክህስ በነገራችን ላይ ምን ሆኖ ነው? አልነገርከኝም። ባትሪው ከሆነ ይቀየራል። መስታወቱ ከሆነ ሁለት ሦስት ስልክ ሠሪ ጋ ሄደህ ዋጋ ጠይቅ፣ የመጀመሪያው ያለህን እንዳትከፍል።